የመሰለች የበገና ስለት

ሰው ለቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሲሳል ጥላ ይሳላል። ምንጣፍ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ አቅም ያለው ደግሞ መጋረጃ ይሳላል። ይሄ የታወቀ ነው። ገዝቶ፣ ተሸክሞ፣ አስረክቦ፣ እልል ብሎ ወደ ቤት ነው። መሰለች ግን በገና እደረድርልሃለሁ ብላ ተሳለች። በገና ደግሞ በሕይወቷ ነክታ አታውቅም። እንኳን በገና፣ ልጅ ሆና ጣሳ እንኳ በወግ መትታ አታውቅም።

መሰለችን ለማወቅ አዲሱ ገበያ መሄድ ይበቃል። ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጡት ሴቶች መሃል በርጩማ ላይ ቆማ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። «ኑ ኑ ኑ! የፈረንጅ ሸሚዝ! ቁልፉ ያልተነካ! አንቺ ቀይዋ፣ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ እንዴ? ለባልሽ ምን ልትነግሪው ነው?» ድምጿ ታክሲ ተራው ድረስ ይሰማል። ወያሎቹ ራሳቸው «የእሷን ጉሮሮ የሚያከራየን ሰው ቢገኝ» ይላሉ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀጨኔ ተወልዳ እዚያው ያደገች። አፏ ሲጮህ እጇ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ከሸሚዙ የተንጠለጠለውን ክር ትነቅላለች፣ ኪስ ውስጥ የቀረ ወረቀት ታወጣለች፣ ኮሌታ ሥር የተሸጎጠ ቆሻሻ ትጠርጋለች። ትርፍ ነገር አትወድም፣ በቃ። ትርፍ ካየች እጇን ያሳክካታል።

ስለቱ የመጣው በባሏ በስብሐት ነው። ስብሐት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አምና፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቤት ጣራ ላይ የውሃ ታንከር ሲያስር እግሩ ከዳውና ወደቀ። ሆስፒታል ገባ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን አልገለጠም።

መሰለች ኮሪደሩ ላይ ሁለቱንም ቀን ቆማ ዋለች። አጠገቧ እንደሷ የጨነቃቸው ሴቶች ነበሩ። አንዷ «እኔ ጥላ ተስያለሁ» አለች። ሌላዋ «እኔስ ምንጣፍ» አለች። የአንዱ ሰውዬ ስልክ ላይ የበገና መዝሙር በቀስታ ይሰማ ነበር፣ የጾም ጊዜ ነዋ። እንዲህ እያለ ዶክተሩ ወጣና «እስቲ እንጠብቅ» ብሎ አለፈ። ይሄ «እንጠብቅ» የሚሉት ነገር መሰለችን ከምንም በላይ አስደነገጣት። ጆሮዋ ውስጥ ያ በገና፣ አፏ ላይ ደግሞ ያ ጭንቅ ነበርና ስለቱ ሳታስበው ወጣ።

«መድኃኔ ዓለም ሆይ! እሱን አንሳልኝና ለሚመጣው ዓመት መጋቢት ሃያ ሰባት፣ ደጅህ ቁጭ ብዬ፣ በዚህ በገዛ እጄ በገና እደረድርልሃለሁ!»

በገበያ ድምጿ ነው ያለችው። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አያት። ነርሷ «እናቴ፣ እባክዎ ቀስ» አለቻት። እና በማግስቱ ጠዋት ስብሐት ዓይኑን ገለጠና «ውሃ» አለ።

ደስታ ያስረሳል። ስብሐት ከሆስፒታል ወጣ፣ ክረምቱን በከዘራ አሳለፈ፣ መስከረም ላይ እያነከሰም ቢሆን ሥራውን ጀመረ። መሰለችም ሸሚዟን እየጠራች ኖረች። ጥቅምት ሃያ ሰባት መጣ። እሱም የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው። ሰው ስለቱን ይዞ ተሰልፏል፣ በማይክራፎን «እህታችን ስለታቸው ሰምሮላቸው ጥላ አምጥተዋል!» እየተባለ ይጠራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ያኔ የራሷ ስለት ትዝ አላት። ላብ በጀርባዋ ወረደ። መጋቢት አምስት ወር ቀርቶታል።

በዚያው ቀን ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ኤርሚያስ ሄደች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስለት መቀየር ይቻላል?»

«ምን ተስለሽ?»

«በገና።»

«ገዝተሽ ልትሰጪ?»

«ልደረድር።»

መምሬ ኤርሚያስ ጢማቸውን ጨበጥ አደረጉ። ሳቃቸውን መያዛቸው ነበር። «አንቺ? በዚህ ድምፅሽ?»

«ምን ላድርግ አባቴ፣ ጭንቅ ነው ያናገረኝ።»

«እንግዲህ ጭንቅሽን የሰማ ጌታ አቅምሽንም ያውቃል። መጀመሪያ ሞክሪው። ሞክረሽ ሞክረሽ ካቃተሽ ነይና እንነጋገራለን። ሳትሞክሪ ግን እንዳትመጪብኝ።»

ማታውን ለስብሐት ነገረችው። ስብሐት መጀመሪያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለኔ ብለሽ?» አላት። «ታዲያ ለማን ይመስልሃል?» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባውና «ቆይ... አንቺ ነሽ የምትዘምሪው?» አለ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው።

በገና የምታስተምረው ሐመልማል ትባላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከብረት በያጁ ቤት ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ ቅዳሜ ከሰዓት ታስተምራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ስትናገር ጠጋ ካላሏት ድምጿ የማይሰማ። መሰለች በሩን ከፍታ ስትገባ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች በሙሉ ከመቀመጫቸው ተነሱላት። ትልቁ አሥራ ዘጠኝ ቢሞላው ነው።

«የማን እናት ነዎት?» አላት አንዱ።

«የማንም። መሰለች እባላለሁ፣ ልማር ነው የመጣሁት።»

ልጆቹ ተያዩ። ሐመልማል ብቻ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል «ይግቡ፣ እትዬ መሰለች፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ በርጩማ ሰጠቻት።

በገና ትልቅ ዕቃ ነው። ሲቀመጡ ጉልበት መሃል ይቆምና ከራስ በላይ ይወጣል። አሥር አውታር አለው፣ በግራ እጅ ጣት ነው የሚመታው። መሰለች መጀመሪያ አቀፈችው፣ እንደ ሰው። አፈረችና ለቀቀችው፣ ሊወድቅ ሲል እንደገና አቀፈችው። ከዚያ አንዱን አውታር ቦንዳ እንደምትፈታ አድርጋ ጎተተችው። ክፍሉ ውስጥ የወጣውን ድምፅ ለመግለጽ ይከብዳል። ፍየል ከገደል ስትወድቅ የምትጮኸውን ይመስላል።

«ይዳስሱት እንጂ አይጎትቱት» አለች ሐመልማል።

«ዳሰስኩት እኮ!»

ዜማው ደግሞ ይባስ ነበር። ሐመልማል አንዲት አጭር ስንኝ በሹክሹክታ አለችና «እስቲ እርስዎ ይበሉት» አለቻት። መሰለች አፏን ከፈተች። ጎረቤት ያለው በያጅ ማሽኑን አጥፍቶ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ በበሩ ብቅ አለ። ልጆቹ ወንበር ላይ ተደፍተው ሳቁ።

«እትዬ መሰለች፣» አለች ሐመልማል ሳቁ ሲበርድ፣ «በገና ላይ ሰው አይጣራም። እግዜር አጠገብዎ በርጩማ ስቦ ቁጭ እንዳለ ያስቡት።»

መሰለች ወደ ቤት ስትወጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይግል ነበር። ያንን ዳገት ሃያ ጊዜ «አልመለስም» እያለች ጨረሰችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ተመለሰች። ምን ታድርግ? ስብሐት ቤት ውስጥ ሲያነክስ ባየችው ቁጥር ያ ኮሪደር ፊቷ ላይ ይመጣል። «ብቀርና አንድ ነገር ቢሆንብኝስ» ትላለች። እንቅልፏም እንደ ድሮ አልሆነ። ምግብ እያላመጠች ትቆምና «አምስት ወር... አራት ወር ተኩል...» ትላለች።

ሐመልማል አባቷ የተዉላትን አሮጌ በገና ቤቷ እንድትለማመድበት አዋሰቻት። መሰለች በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ ይዛው ወጣች። ጠዋት ገበያ ከመሄዷ በፊት ግማሽ ሰዓት ትቀመጥበታለች። ስብሐት ብርድ ልብሱን ይከናነብና ከውስጥ ሆኖ ይናገራል።

«መሱ።»

«አቤት።»

«ከጣራ ስወድቅ እንዲህ አላመመኝም።»

«ዝም በል! ላንተ እኮ ነው!»

«እሱማ ነው የከበደኝ። ለሌላ ቢሆን እከስሽ ነበር።»

ገበያ ላይ ደግሞ ኢየሩ አለች። ኢየሩ አጠገቧ ጫማ የምትሸጥ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ሁለቱ በሃይማኖት ሲነታረኩ ነው የሚውሉት፣ ምሳ ግን ከአንድ ሳህን ነው።

«እኔን ስሚኝ» ትላታለች ኢየሩ፣ «የኛ ቸርች ብትመጪ ኪቦርድ አለልሽ። አንዷን ቁልፍ ጫን ስትይ ከበሮውን ራሱ ይመታልሻል።»

«ሂጂ ወደዛ! ለኪቦርድ አልተሳልኩም።»

«ጣትሽን እይው እስቲ። ይሄ ጣት ጆንያ ነው እንጂ አውታር ያነሳል?»

ኢየሩ ስትቀልድ ነው፣ ግን መሰለች ጣቷን አየችው። ወፍራም ነው። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ከሷ በኋላ የገቡ ልጆች ሁለት ሦስት መዝሙር ይዘዋል። እሷ አንዷን አጭር ስንኝ ሳትሰናከል መጨረስ አቃታት። ግራ እጇ ትክክል ሲሄድ አፏ ይጠፋል፣ አፏ ሲመጣ እጇ ይረሳል። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ሁሉ አለቃ ነው። ከሰዓቱን ዕቃዋን ለኢየሩ ጥላ ስትሮጥ፣ ደንበኛ ሲያመልጣት፣ እዚያም ደርሳ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «እትዬ፣ እሱ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ነው» ሲላት፣ ተነስታ መሄድ ያምራታል። ሐመልማል ግን አንድም ቀን ተቆጥታት አታውቅም። «ዛሬ ትንሽ ቀስ ብለው ነበር» ትላታለች። መሰለች ይሄን «ትንሽ» ይዛ ሳምንቱን ትገፋለች።

የካቲት ደረሰ። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደ ሁልጊዜው ዕቃ ታጠበ። ቅባት የነካው ድስት ሁሉ በአመድ ተፈተገ፣ መደርደሪያው ወረደ፣ ምንጣፉ ወጥቶ ተራገፈ። መሰለች በጽዳት ስትነሳ አያድርስ ነው። ሁሉን ጨርሳ ዞር ስትል ጥግ ላይ የቆመውን በገና አየችው። «አንተስ ለምን ትቀራለህ?» አለችው። እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቁጭ አለችና ከላይ እስከ ታች ጠረገችው። ወደ ታች ስትደርስ ከያንዳንዱ አውታር ሥር ያረጀ፣ የጠቆረ የቆዳ ቁርጥራጭ ተሸጉጦ አየች። «ውይ! ይሄ ሁሉ ዓመት ምን ቆሻሻ ሰብስቧል!» እጇ አሳከካት። በመርፌ እየሳበች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አሥር ነበሩ። ከጥራጊው ጋር አውጥታ ደፋቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልትለማመድ ተቀመጠች። አውታሩን ዳሰሰችው። «ድም» አለ። ሌላውን ነካችው፣ «ድም»። ያ የሚያውቁት የበገና መንዘር የለም። ደረቅ። የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ የነካች ነው የመሰላት። መቃኛውን አጠበቀች፣ አላላች፣ ምንም። ሦስት ቀን ሞከረች። በሦስተኛው ቀን በገናውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና «በቃ፣ አልተቀበለኝም» አለች። ስብሐት ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ወደ መምሬ ኤርሚያስ ወጣች።

«አባቴ፣ ሞከርኩ። አራት ወር። አቃተኝ። አሁንማ በገናውም ዝም ብሎኛል።»

መምሬ ኤርሚያስ ዛሬ ጢማቸውን አልያዙም። አዩዋት፣ ከስታለች። «ሞክረሻል፣ ይታየኛል» አሏት። «ይበቃል። ጥላ ግዢና አምጪ፣ እኔ እጸልይበታለሁ። ጌታም ይቀበልሻል።»

ሸክሙ ከላይዋ መውረድ ነበረበት። ወረደም ትንሽ። ግን ስትወጣ እግሯ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄድ አለ። ቁጭት የሚሉት ነው። የሚያስቸግራት ስለቱ ብቻ አልነበረም ለካ። ያቺን አንዲት ስንኝ አንዴ እንኳ ያለ መሰናከል ሳትጨርሳት መቅረቷም ነው። የሆነው ሆኖ የሰው ዕቃ መመለስ አለበትና በገናውን አዝላ ሐመልማል ዘንድ ወረደች።

ሐመልማል ነጠላውን ገለጠችና አንዱን አውታር ነካችው። ቅንድቧ ተነሳ። ሌላውን ነካች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች።

«እትዬ መሰለች፣ እንዚራዎቹ የት ሄዱ?»

«የምን እንዚራ?»

«ከአውታሮቹ ሥር የነበሩት ትንንሽ ቆዳዎች።»

«እነዛ... ቆሻሻዎቹ?»

«ቆሻሻዎቹ?»

«ሁዳዴ ሊገባ ነው ብዬ ሳጸዳ አወጣኋቸዋ።»

«አሥሩንም?»

«አንድም አላስቀረሁ!» አለች መሰለች፣ በሥራዋ የምትኮራ ሰው አባባል ነው የወጣት።

ሐመልማል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሰለች ክው አለች። የአባቷ ዕቃ ነው እኮ! «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ አላወቅኩም፣ በመድኃኔ ዓለም...» ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ሐመልማል እጇን ከፊቷ አነሳች። እያለቀሰች ሳይሆን እየሳቀች ነበር፣ እንባዋ እስኪወርድ።

«እትዬ መሰለች! የበገናው መንዘር እኮ ከነሱ ነው! አውታሩ ቆዳዋን ሲነካት ነው ዝዝ የሚለው። እነሱ ከሌሉ ክር ብቻ ነው!»

«እና... እግዜር አልተቆጣኝም?»

«እግዜር ምን አደረገ? እርስዎ ነዎት ያጸዱት!»

መሰለች በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ትንሽ ቆይታ እሷንም ሳቅ ያዛት። ያ የገበያ ሳቋ ነው የወጣው፣ በያጁ እንደገና ብቅ አለ።

«ያወጣ ይመልሳል» አለች ሐመልማል ዓይኗን እየጠረገች። «ቆዳ ይዘው ይምጡ። እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚቆርጡት።»

መሰለች ከቦንዳ ውስጥ ወጥቶ ማንም ያልገዛው፣ ክንዱ የተቀደደ የቆዳ ጃኬት ነበራት። በማግስቱ እሱንና መቀሷን ይዛ መጣች። የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ሆኑ፣ አውታሩን አነቁት። ሁለተኛዎቹ ሳስተው ተጣጠፉ። አውራ ጣቷን ሁለቴ ቆረጠች። በሦስተኛው ቀን አንዷ ልክ ሆነች። ሐመልማል እንዴት እንደሚገባ አሳየቻትና እጇን አነሳች። ቆዳዋን በጥፍር ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ መግፋት፣ አውታሩን መንካት፣ መስማት። ትንሽ ወደ ታች መሳብ፣ መንካት፣ መስማት። አሁንም ድም። አሁንም ድም። ከዚያ፣ ፀጉር በምታህል ቦታ፣ ዝዝዝም አለ።

መሰለች እጇን ሰበሰበች። ንብ ቀፎ ውስጥ ሆና ስትዞር የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ሆዷ ላይ ተሰማት።

«እሱ ነው!» አለች።

«እንዴት አወቁ?» አለች ሐመልማል።

እንዴት አወቀች? አራት ወር ሙሉ ጣቷን ስታይ ነው የከረመችው፣ የትኛው ጣት የት ሄደ እያለች። አንድም ቀን አልሰማችውም ለካ። አሥሩን ለመሙላት አራት ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ ዓይኗን ጨፍና የትኛው አውታር የትኛው እንደሆነ በድምፁ ትለይ ነበር። ያቺን ስንኝ ሞከረቻት። ሁለት ቦታ ተሰናከለች። ስትሰናከል ግን ማንም ሳይነግራት አወቀችው።

ወደ ቤቷ ስትወጣ መምሬ ኤርሚያስ ከታች በኩል ሲሄዱ አየቻቸው። ከዳገቱ ጫፍ ሆና ተጣራች።

«አባቴ! ጥላውን አላመጣም!»

«ምነው?»

«እንዚራ ነው የጎደለው! እራሴው ነኝ ያወጣሁት!»

መምሬ ኤርሚያስ ምንም አልገባቸውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሰማ ግን ገባቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ባረኳትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የቀረው ድምፁ ነበር። መሰለች ቀስ ብላ መዘመር አታውቅም። ቀስ ስትል ይጠፋባታል፣ ሲጠፋባት ትጮሃለች። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ብሎ ስትጣራ ውላ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ትምህርት ቤት ደርሳ አፏን ስትከፍት ከሹክሹክታ ያለፈ አልወጣም። «ዛሬስ አልችልም» ልትል ስትል ሐመልማል እጇን ያዘቻት።

«ይሄ ነው! አሁን ያሉትን ይድገሙት!»

«የለኝም እኮ ድምፅ።»

«ያ የሌለዎት ነው የሚፈለገው።»

ይሄን ለኢየሩ ነገረቻት። ኢየሩ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሳምንቱ ግን፣ መጋቢት ሃያ ሰባት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ መሰለች በርጩማዋ ላይ ልትወጣ ስትል ኢየሩ ቀደመቻት።

«ውረጂ። ይሄን ሳምንት እኔ ነኝ የምጣራልሽ።»

«ጫማሽስ?»

«ጫማውንም ሸሚዙንም አብሬ። ኑ ኑ ኑ! ከአናት እስከ እግር!» ከዚያ ዞር ብላ በቀስታ፣ «ለስለትሽ ነው እንጂ በመዝሙርሽ እንኳ አልስማማም» አለቻት።

ቤት ውስጥም አንድ ጠዋት መሰለች ስትደረድር ከብርድ ልብሱ ሥር ምንም ቀልድ አልመጣም። አቆመችና «ስብሐት፣ ተኛህ?» አለች። «አልተኛሁም» አለ። «ለምን አቆምሽ?»

መጋቢት ሃያ ሰባት ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ቀስ በቀስ መበተን ሲጀምር መሰለች ከአጥሩ አጠገብ፣ ጥዱ ሥር፣ በርጩማዋን አደረገችና ተቀመጠች። ስብሐትና ሐመልማል ራቅ ብለው ቆሙ፤ እንዳታያቸው ብለው ነው፣ እሷ ግን አየቻቸው። ከጎኗ ደግሞ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የመሰለች አፍ ደርቋል፣ በጾሙ ብቻ አይደለም። ቃሉን ራሷ ነው ያወጣችው፣ ሐመልማል ዜማውን አስተካከለችላት።

ከጣራ ወድቆ አንስተህልኝ፣
ምን አፍ አለና ምንስ እጅ አለኝ፤
ጮኼ ብጣራህ ሰማኸኝ ያኔ፣
ቀስ ብዬም ስመጣ ስማኝ መድኃኔ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቷ ሳተ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ «ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው!» ብላ ትጮህ ነበር። አሁን አልፋው ሄደች። ጨረሰች። እጇን ከአውታሩ አነሳች፣ መንዘሩ እስኪሞት ጠበቀች፣ አማተበች። ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰማት፣ ዓመት ሙሉ ያላወጣችው ትንፋሽ ወጣ። ደረሰ። ስለቷ ደረሰ።

ከጎኗ ያሉት አሮጊት ዞር አሉ።

«ቃኝተሽ ጨረስሽ አይደል ልጄ? እንግዲህ ጀምሪያ።»

መሰለች አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈችና ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ። ራቅ ብለው የቆሙት ሁለቱም ይስቃሉ።

«እማማ፣ ጨርሻለሁ እኮ! ስለቴን ነው ያደረስኩት!»

«እንዴ! መቼ? ጆሮዬ እኮ ደክሟል ልጄ፣ ምንም አልሰማሁ።» አሮጊቷ አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ። «በይ እስቲ ለኔም አንዴ። ወደዚህ ጠጋ በይ።»

መሰለች በርጩማዋን ስባ ጠጋ አለች። በገናውን ጉልበቷ መሃል አቆመችው። አሁን ጣቷን አላየችም። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ አውታሩ አስጠጉ፣ እሷም ገና የመጀመሪያውን ስትነካ «አዎ... አዎ...» ይሉ ጀመር።